ከደሴ ለጻፍሽልን እህታችን፦ የስላይድ መዝገብ ሥራ ልቀጥል ወይስ ልተው?

በባዮሎጂ ተመርቀሽ ደሴ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ በጊዜያዊነት እንደተቀጠርሽ፣ ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ባለፉት ዓመታት የተሰበሰቡ የአልጌ ስላይዶችን (ናሙና የተለጠፈባቸውን ትንንሽ መስታወቶች) በማይክሮስኮፕ ካሜራ እያነሣሽ እንደሆነ ጽፈሽልናል። ፎቶው ቶሎ ያልቃል፤ ቀኑን የሚፈጀው ሜታዳታውን፣ ማለትም ስለ እያንዳንዱ ፎቶ የሚገልጸውን መረጃ፣ መሙላት ነው። ጓደኞችሽ «ጸሐፊ ሆነሽ ቀረሽ» እያሉሽ ስለሆነ ልቀጥል ወይስ ልተው ብለሽ ጠይቀሻል።

ቀጥዪ። የት፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ የማይታወቅ ምስል የቱንም ያህል ቢጠራ ለተመራማሪ አይረባም። ያንን ዋጋ የምትሰጪው አንቺ ነሽ።

ከላክሽልን ጥያቄዎች ሁሉ የቀኑ ነገር ትልቁ ነው። ስላይዱ ላይ 3/4/98 ተጽፏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ታኅሣሥ 3 ቀን 1998 ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 ቀን 2005 ማለት ነው። ጸሐፊው በፈረንጆቹ ከጻፈው ደግሞ ኤፕሪል 3 ቀን 1998 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ነው፤ አንዱ በጋ፣ ሌላው በልግ ነው። የሐይቁን አልጌ ከዝናብ ጋር አያይዞ ለሚያጠና ሰው ይህ ስሕተት ድምዳሜውን ይገለብጠዋል። ስለዚህ የስላይዱን ጽሑፍ እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ የተተረጎመውን ቀን በሌላ ዓምድ ጻፊ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደተረጎምሽውና ለምን እንደሆነም በማስታወሻ አስፍሪ። ማረጋገጫ ካላገኘሽ የተተረጎመውን ባዶ ተዪው። የተፈጥሮ ናሙና ስብስቦች በሰፊው የሚጠቀሙበት ዳርዊን ኮር የተባለው መስፈርትም ለሁለቱ የተለያየ ቦታ አለው። አለቃሽ «አንዱን መርጠሽ ሙዪና ጨርሺ» ቢሉሽ በአክብሮት ይህንኑ ምሳሌ አሳዪአቸው።

የፋይል ስም ላይ የዝርያውን ስም አትጻፊ። ነገ ሌላ ባለሙያ ስላይዱን አይቶ ዝርያውን ሊቀይረው ይችላል። በስሙ ምትክ የስላይዱን ቋሚ ቁጥር አስገቢ፤ ከአንድ ስላይድ ብዙ ፎቶ ስለሚወጣ ከቁጥሩ ቀጥሎ የፎቶውን ተራ ጨምሪ። ኤክሴል 00127 የሚለውን 127 አድርጎ እንዳያሳጥርብሽ ዓምዱን አስቀድመሽ በጽሑፍ መልክ አዘጋጂው። «በ40 ሌንስ (40 እጥፍ በሚያጎላው) ተነሣ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ፒክስል (ፎቶው የተሠራበት ትንሹ ነጥብ) ስንት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) እንደሆነ መዝግቢ፣ አለዚያ ከፎቶው ላይ መጠን መለካት አይቻልም።

ስለ እንጀራው በግልጽ ልንገርሽ፤ «የሜታዳታ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ብዙም አታገኚም። ሥራው ግን በሌላ ስም አለ፦ በምርምር ቤተ ሙከራ፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንዳለው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ባሉ ስብስቦች። የሕክምና ስላይድ ወደያዘ ተቋም ከሄድሽ ደግሞ የታካሚ ስም ከምስሉ ጋር አብሮ እንዳይወጣ መጠበቅ ቀዳሚ ግዴታሽ ይሆናል።

ጊዜያዊ ውልሽ ከማለቁ በፊት አለቃሽን አስፈቅደሽ ከሠራሽው ጥቂት መዝገቦችን ከነፎቶዎቻቸው ለናሙና አስቀሪ። ዓምዶቹ ምን እንደሚይዙና አጠራጣሪ ቀን ሲገጥምሽ እንዴት እንደወሰንሽ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ መመሪያም ጻፊ። ለሥራ ስታመለክቺ ከትምህርት ማስረጃሽ ጋር አያይዢው፤ መመሪያውን መጀመሪያ ለእኛ ብትልኪልን ደግሞ አንብበን አስተያየታችንን እንጽፍልሻለን።