ተጀምሮ የቀረ ስፒትፋየር እንዴት ይጨረሳል? (ጥያቄና መልስ)

ተጀምረው ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የቀሩ የአውሮፕላን ሞዴሎችን ዳር ማድረስ የምወደው ሥራ ነው። ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ስለ ስፒትፋየር ናቸው። ስለዚህ ምሳሌዎቼን ከእሱ እወስዳለሁ፤ የአሠራሩ ነገር ግን ለማንኛውም የፕላስቲክ ሞዴል ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ስከፍተው ገላው ተጣብቋል፣ ክንፉ ገና ነው፣ ከትናንሾቹ ክፍሎች ግማሹ ቀለም ተቀብቷል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሙጫውን ገና አትንካው። መመሪያውን ዘርጋና የተሠራውን ምልክት አድርግበት፤ ክፍሎቹንም በቁጥራቸው እያመሳከርክ የጎደለ እንዳለ እይ። ከዚያ ሥራው የት ላይ እንደቆመ ፈልግ። ሞዴል እንዲሁ በራሱ አይቆምም፣ ያቆመው ነገር አለ። ወይ ክንፉ ሲገጠም ክፍተት አሳይቷል፣ ወይ የአብራሪው መስታወት ተበላሽቷል፣ ወይ ቀለሙን መወሰን አስቸግሯል። ጉልበትህ ትኩስ ሳለ እሱን ፍታ። ቀላል ቀላሉን አስቀድመህ ከባዱን ካቆየኸው፣ እዚያው ቦታ ስትደርስ መልሰህ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለህ።

ከዚያ እጠበው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። አቧራና የእጅ ቅባት ካልወጣ ቀለም አይዝም። ሙቅ ውሃ ግን አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል።

ጥያቄ፦ ከመቀጠሌ በፊት ከሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ከሚፈስ ፕላስቲክ) የተሠራ ኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪ ክፍል፣ እና የብረት ተጨማሪ ዕቃዎች ልግዛ? ወይስ ይህን ትቼ አዲስ ኪት (ክፍሎቹ ሁሉ ያሉበት የሞዴል ሳጥን) ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለቱንም አልመክርም። ገላው አንዴ ተጣብቋል፤ የሬዚን ኮክፒት ለማስገባት መልሰህ ልትከፍተው ነው፣ ያኔ ሥራው ከመጀመሪያው ይርቃል። በጀመርክበት ደረጃ ጨርሰው። የመቀመጫ ቀበቶ ግን ጨምር፣ በመስታወቱ በኩል በደንብ ይታያልና፤ ከቀጭን የወረቀት ፕላስተር ቆርጠህ መሥራት ትችላለህ። የመትረየሶቹ አፎች አለመበሳታቸውም አያስጨንቅህ። በእውነተኛው ስፒትፋየር ላይ ብርድና ቆሻሻ እንዳይገባ የጨርቅ ልጣፍ ይለጠፍባቸው ስለነበር፣ በክንፉ ግንባር ላይ ትናንሽ ቀይ አራት ማዕዘኖች መቀባት ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ችግር የክንፉ ስር ነው። ክንፉን ስገጥም ከገላው ጋር ሰፊ ክፍተት ይተዋል፣ የድሮው ሙጫም ተሰነጣጥቋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብዙ ስፒትፋየሮች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የድሮውን መጋጠሚያ በጣትህ ቀስ ብለህ ፈትነው። ከተከፈተ ደግ ነው፣ ደካማውን አሁን አወቅኸው ማለት ነው። የሞዴል ሙጫ የሚይዘው ፕላስቲኩን አቅልጦ እርስ በርሱ በማዋሃድ ነው፤ በደረቀ ሙጫ ወይም በቀለም ላይ ብታፈሰው ዋጋ የለውም። ንጹሕ ፕላስቲክ እስኪታይ ፋቀው። ጠምሞ የተጣበቀና እምቢ ያለ ከሆነ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አቆየው። የቱቦ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል፣ በቀጭን ምላጭ አንዳንዴ ይለቃል። አልለቅ ካለ አታስገድደው።

ከዚያ ሙጫ ሳትቀባ ግጠመውና ከፊት ሆነህ አጥናው። የስፒትፋየር ክንፍ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ከስሩ ወደ ጫፉ 6 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ይወጣል። የክንፎቹን ጫፎች ከላይ በወረቀት ፕላስተር ሳብ አድርገህ ብታስራቸው አብዛኛው ክፍተት ራሱ ይዘጋል። ይህን ሳያዩ በስቱኮ የሚሞሉት ሰዎች አውሮፕላኑን ክንፉ የወደቀ ያስመስሉታል። የቀረውን ክፍተት በቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ሙላ፣ ስቱኮው ከላይ ለማስተካከያ ብቻ ይሁን። ስቱኮ ሲደርቅ ይሸበሸባልና እስከ ነገ ተወው፣ ከዚያ በ400፣ በ600 እና በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ አለስልሰው። ፕሪመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ስትነፋበት የቀረ ጉድለት ካለ ያጋልጠዋል። የጠፉትን የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮች በመርፌና በማስመሪያ መልሰህ ጫር።

ጥያቄ፦ የተቀባው ቀለም በጣም ወፍራም ነው። ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያነሳዋል። ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ከሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት የምድጃ ማጽጃ ያስፈልጋል፤ ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ መስታወቱንም አውጪ። ሁለቱንም መጀመሪያ በትርፍ ፕላስቲክ ላይ ሞክሪ። አሴቶን ግን ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ ኪቱ ማርክ 9 የሚባለው የስፒትፋየር ዓይነት ነው። አረንጓዴና ቡናማ ልቀባው ጀምሬ ነበር፣ ዲካሉ (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ምልክት) ላይ ግን የ1944 ጥቁርና ነጭ መስመሮች አሉ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ቡናማውን ተወው። አረንጓዴና ቡናማ በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ የተዋጉት የማርክ 1 ቀለም ነው። ከነሐሴ 1941 ጀምሮ ውጊያው ወደ ባሕሩና ወደ አውሮፓ ምድር ሲሻገር ቡናማው በግራጫ ተተካ፣ ሆዱም ፈዛዛ ግራጫ ሆነ። ማርክ 9 ደግሞ የጀርመኑን ተዋጊ አውሮፕላን ፎክ ቮልፍ 190 ለመቋቋም በ1942 የመጣ ስለሆነ፣ ከእንግሊዝ የሚነሳው አረንጓዴና ግራጫ ነው። በክንፉ ግንባር ጫፍ ላይ ቢጫ መስመር፣ ከጭራው ፊት ፈዛዛ ቀበቶ ጨምርበት።

መስመሮቹ የተባባሪዎቹ ጦር በፈረንሳይ ኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ለወረደበት ዘመቻ የተቀቡ ምልክቶች ናቸው፤ የተባባሪዎቹ ተኳሾች የራሳቸውን አውሮፕላን እንዳይመቱ በሰኔ 1944 የተቀቡ። ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር ናቸው፣ የእያንዳንዱ ስፋት 18 ኢንች፣ ማለትም 45.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1/48 ሞዴል (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ባነሰው) 9.5 ሚሊ ሜትር፣ በ1/72 6.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። መጀመሪያ ነጩን ቀባ፣ ከዚያ ሸፍነህ ጥቁሩን። በዲካል ከመለጠፍ መቀባቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ በጥድፊያ በብሩሽ የተቀቡ ስለነበሩ ጠርዛቸው ትንሽ ሸካራ ቢሆን ይበልጥ እውነተኛ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ዲካሉ ቢጫ ሆኗል፣ ውሃ ውስጥም ይሰባበራል።

መልስ፦ በሚያሳይ ላስቲክ አሽገህ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፈው፣ ቢጫነቱ በቀናት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። የሚሰባበረውን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ነፍተህ በደንብ ካደረቅኸው በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ቆርጠህ አውጣ። የሚለጠፍበትም ገላ አስቀድሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቀባ፤ ሸካራ ላይ ከለጠፍከው አየር ከሥሩ ይቀርና ብርማ ነጠብጣብ ይታያል።

ጥያቄ፦ ይህን ሞዴል የጀመረው አሁን በሕይወት የሌለው አባቴ ነው። አንዳንዱ ሥራው ጠማማ ነው። ላቃናው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እሱ የጨረሰውን፣ ኮክፒቱንና የቀባቸውን ትናንሽ ክፍሎች፣ እንዳሉ ተዋቸው። አንተ ከቆመበት ቀጥል። የሚያስቸግርህ መጋጠሚያ ለቀሪው ሥራ እንቅፋት ከሆነ ብቻ አቃናው። የሁለታችሁ እጅ በአንድ ሞዴል ላይ ለይቶ መታየቱ ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ መስታወቱ በሱፐር ግሉ ጭስ ደብዝዟል።

መልስ፦ ከ2000 ቁጥር በላይ በሆነ ወረቀት በውሃ አለስልሰው፣ በፖሊሽ ፈትገው፣ ከዚያ አንጸባራቂ አክሪሊክ ውስጥ ነከር አድርገህ በሽፋን ሥር አድርቀው። ስትለጥፈው ነጩን የእንጨት ኮላ ተጠቀም፣ እሱ አያደበዝዝም።

ጥያቄ፦ ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚነፋ መሣሪያ) የለኝም። የመጨረሻዎቹ ሥራዎችስ በምን ቅደም ተከተል ይሁኑ?

መልስ፦ ብሩሽ ይበቃሃል፣ ቀለሙን አቅጥነህ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርብ። ከዲካሉ በኋላ ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ይቀባል፣ ከዚያ ጎማዎቹ፣ የጎማ መዝጊያዎቹ፣ ፕሮፔለሩ፣ በመጨረሻ አንቴናው። ከአንቴናው ምሰሶ ወደ ጭራው ክር መዘርጋት ያለበት የድሮ ሬዲዮ ለነበራቸው ለመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች ነው። የ1944 ማርክ 9 ምሰሶው ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ክሩን እርሳው። ቀለም ስትቀባ መስታወቱን የሸፈንክበትን የወረቀት ፕላስተር ማት ቫርኒሹ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብቻ ላጠው።