ወረቀት ሲወደድ ማኅበሩ የት ነው?

ይህ ዓምድ የማተሚያ ቤት ሰዎች የሚጠይቁበት ነው። እኔ ከጥረዛ ክፍል ተነስቼ ባለቤት የሆንኩ ሴት ነኝ፤ ለጥቂት ዓመታትም የማተሚያ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ዛሬ ሁለት ደብዳቤ ይዣለሁ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረችኝ፤ ቤቱ ሲፈርስ ራቅ ብዬ ተከራየሁ። አንድ ጂቲኦ ማተሚያ ማሽን፣ አንድ አሮጌ ፖላር የወረቀት መቁረጫና አምስት ሠራተኞች አሉኝ። ኮሮናን እንደምንም አልፌዋለሁ። ዶላሩ ከተወደደ ወዲህ ግን ዋጋ የሰጠሁበትን ሥራ ሳላስረክብ ወረቀቱ ይጨምራል። ጎረቤቴ ደግሞ በምን ሒሳብ እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ወረቀት ከምገዛበት ባነሰ ያትማል። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራዬን ከተረከበ አምስት ወር አለፈው፣ ብሬን አልሰጠኝም። ለማኅበር በየዓመቱ መዋጮ እከፍላለሁ። እስካሁን ያገኘሁት አንድ የምስክር ወረቀትና ሁለት የስብሰባ ምሳ ነው። ቢያንስ ዝቅተኛ ዋጋ ለምን አይወስንልንም? ልውጣ ወይስ ልቆይ?
የደከመው አታሚ

መልስ፦ ልጄ፣ ምሳ ካበሏችሁ የእናንተ ከእኛ ይሻላል። እኛ ሻይ ነበር።

ከዋጋው ልጀምር። ማኅበሩ ዝቅተኛ ዋጋ አይወስንልህም፤ መወሰንም አይችልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዲቆርጡ አይፈቅድም። እኛም ሳናውቅ ሞክረነው ነበር። «ከዚህ በታች አናትምም» ተባብለን ቃለ ጉባኤ ፈረምን። አንድ ጠበቃ አይቶ «ይህን ወረቀት ዛሬውኑ ቅደዱት» አለን። ለነገሩ ባንቀደውም አይሠራም ነበር። ሐሳቡን ያመጣው ሰውዬ በሳምንቱ ከሁላችንም በታች ዋጋ ሰጥቶ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ግን እስከዛሬ ይጠቅመኛል። አንድ ማታ ስምንት ሆነን እኔ ጥረዛ ክፍል ተሰበሰብን። የማንንም ዋጋ አልጠየቅንም። አንድ የምናብ ሥራ ወሰድን፦ 2,000 ኤ5 በራሪ ወረቀት፣ ባለአራት ቀለም፣ በአንድ ገጽ። ከዚያ እያንዳንዳችን የሚፈጀውን ወረቀት ብቻ ጻፍን። 70 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነው ወረቀት ለጂቲኦ አራት ቦታ ይቆረጣል። ከእያንዳንዱ ሩብ አራት ኤ5 ይወጣል። ስለዚህ ከአንዱ ሙሉ ወረቀት 16፣ ለ2,000 ደግሞ 125 ወረቀት ማለት ነው። ሰባታችን 125 ብለን ጻፍን። አንድ ሽማግሌ ብቻ 140 ብለው ጻፉ።

«15ቱ የምንድን ነው?» አልናቸው። «ቀለሙ እስኪስተካከል የምትጥሉት ነዋ!» አሉ። የአብዛኞቻችን ጂቲኦ ባለአንድ ቀለም ነው። አራት ቀለም ማለት አራት ጊዜ ማሳለፍ ነው። በየዙሩ 15 ሩብ ቢበላሽ 60 ሩብ ይሆናል፤ ይኸውልህ 15 ሙሉ ወረቀት። 12 በመቶ ነው። ብዙዎቻችን ትርፍ የምንለው ራሱ ከዚያ አይበልጥም። ያን ማታ አንዱ አባላችን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም ብሎ ወጣ። በማግስቱ የዋጋ መስጫ ደብተሩን እንዳለ ቀየረው።

ጎረቤትህም ተንኮለኛ ላይሆን ይችላል። ያልቆጠረው ነገር አለ። የማሽኑን እርጅና፣ መብራት ሲጠፋ ቆሞ የሚውለውን ኦፕሬተር፣ የፕሌቱን (ጽሑፍና ምስሉ የሚወጣበትን የማተሚያ ሰሌዳ) ዋጋ ሳይቆጥር ካፒታሉን እየበላ ነው። ወደ ማኅበሩ ይዘኸው ሂድ። ዋጋህን ጨምር አትበለው። ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ፤ ዋጋውን ራሱ ይወስን።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። በ57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። ወረቀቱ፣ ፕሌቱ፣ ቀለሙ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፕሮፎርማህ ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ5 ቀን ነው» ብለህ ጻፍ፤ የወረቀቱን ብርም ቅድሚያ ተቀበል። ይህን ለማድረግ ማኅበር አያስፈልግህም።

ማኅበር የሚያስፈልግህ ስትገዛ ነው። ብቻህን ከመርካቶ በደስጣ (በ500 ወረቀት እሽግ) ስትገዛ የአስመጪውንም፣ የአከፋፋዩንም፣ የቸርቻሪውንም ትርፍ የምትከፍለው አንተ ነህ። 70 በ100 የሆነ፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት አንዱ ደስጣ 28 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 20 ቶን ቢጫንበት ከ700 ደስጣ በላይ ነው። አንተ በዓመት አትጨርሰውም፤ አሥራ አምስት ሆናችሁ ግን ትጨርሱታላችሁ። ኮንቴነር ድረስ መሄድ ባትችሉ እንኳ ካስመጪው በቀጥታ በቶን ተደራድራችሁ መከፋፈል ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርህ። በመጀመሪያው የጋራ ግዢያችን ወረቀቱ የገባው እኔ መጋዘን ነው። ነሐሴ ነበር። አንድ ሌሊት ጣራው አፈሰሰና 11 ደስጣ ረጠበ። እርጥብ ወረቀት ታውቀዋለህ፤ ቢደርቅም ይንሻፈፋል፣ ማሽን አይቀበለውም። ማን ይክፈል? «ያንቺ ጣራ ነው» አሉኝ። «የሁላችን ወረቀት ነው» አልኩ። ሁለት ወር ተኮራረፍን። በመጨረሻ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እነሱ ቻሉ። ችግሩ ጣራው ብቻ አልነበረም፤ አንድ መስመር ደንብ ሳንጽፍ ነው የገዛነው። ዕቁብ እንኳ ዳኛና ጸሐፊ አለው! ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን፣ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ማኅበር ወሬ በጊዜ ማምጣትም አለበት። በ2014 ፊንላንድ ውስጥ የዩፒኤም ወረቀት ፋብሪካ ሠራተኞች ለ112 ቀን ሥራ አቁመው ነበር። ያኔ አውሮፓ ውስጥ የስቲከር ወረቀት እጥረት ተፈጠረ። የሌብል አታሚዎቹ ማኅበር ፊናት ገና አድማው ሳያልቅ ችግሩ እንደሚከፋ ሲያስጠነቅቅ ነበር። ያንተ ማኅበር ቢያንስ የሁለት ሦስት አስመጪዎችን የመጋዘን ሁኔታ በየወሩ ጠይቆ በቴሌግራም ቢለጥፍ መዋጮህ ተመለሰ ማለት ነው።

ኮሮናን ካነሳህ ደግሞ እኔ ጋ እስካሁን ሦስት ካርቶን የሠርግ ካርድ አለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል ከፋሲካ በኋላ ለሚደረጉ ሠርጎች ያተምኩት ነው። ባለቤቶቹ አልመጡም። ተጋብተው ይሁን ተለያይተው አላውቅም፣ መጣሉ ግን አልሆነልኝም። ያን ጊዜ አንድ አባላችን የ«እጃችሁን ታጠቡ» ፖስተር ሥራ አገኘና ለብቻው አልያዘውም። ለአራት ማተሚያ ቤት አከፋፈለው። ሕጋችን አንድ ነበር፦ ርክክቡ ሥራውን ባመጣው ሰው ስም ይሆናል፣ የሚያትመው ሰው ለደንበኛው የራሱን ቢዝነስ ካርድ አይሰጥም። ይህ ካልተከበረ ማንም ለማንም ሥራ አያስተላልፍም። ጂቲኦህ የቆመ ቀን እንዲህ ያለ ስምምነት ከሌለህ ደንበኛህን የሚያስመልጥህ ደላላው ነው።

ስለ አምስት ወሩ ዕዳ። መጀመሪያ ፋይልህን ክፈት። ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቆርጦልሃል? ካልቆረጠ ፋይናንሱ አንተን አያውቅህም፤ ርክክብ ፈርመውልኛል ብትል ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚዘገየው እዚያ ነው። ደግሞ በጀቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አትርሳ። ወረቀትህ ሙሉ ከሆነ ብቻህን አትሂድ። ከማኅበሩ ደብዳቤ አጽፈህ ሁለት የቦርድ አባላት ይዘህ ግባ። አንድ አታሚን ለወራት ያመላለሰ ኃላፊ ሦስት ሰው ከፊቱ ሲቀመጥ ፋይሉን ማስፈለግ ይጀምራል። ሲሆን አይቻለሁ። ለግል ድርጅት ስታትም ደግሞ ውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ አስገባ። አዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው። አንቀጹ ከሌለ ግን ያለባለዕዳው ፈቃድ እዚያ አትደርስም።

ብድር ካስፈለገህ ቤት የለኝም ብለህ አትቀመጥ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንም ዋስትና ይሆናል። ባንኩ ጂቲኦ ምን እንደሚያወጣ ላያውቅ ይችላል። የገበያ ዋጋውን የሚያስረዳ ባለሙያ እንዲመድብልህ ማኅበሩን ጠይቅ።

ልውጣ ወይ ላልከው፣ አትውጣ። ግን ለስብሰባ የምትሄደው ለምሳው ከሆነ መዋጮህን ለወረቀት ብታውለው ይሻላል። በሚቀጥለው ጉባኤ ተነስና የጋራ ግዢ ኮሚቴ ይቋቋም በል። እጅህን ስታወጣ አንተኑ ይመርጡሃል፤ ከወዲሁ ተዘጋጅ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ባለቤት አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ሥራ የለም ተብዬ ተቀነስኩ። የባለቤቶች ማኅበር ለእኔ ምን ይሆነኛል?
ኦፕሬተሩ

መልስ፦ መጀመሪያ መብትህን ያዝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ አለህ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ይህን ማኅበሩ አይከፍልህም፤ አሠሪህ ነው የሚከፍልህ።

ሙያው ለሠራተኛም ማሰብ የጀመረው ድሮ ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1827 ለአረጁ የማተሚያ ሠራተኞች ጡረታ የሚሰጥ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬም በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ይሠራል። እኛ ጋ እዚያ አልደረስንም። የእኛ ማኅበር ግን ቢሮው ውስጥ አንድ መዝገብ ነበረው፤ ሥራ የፈታ ኦፕሬተር፣ ቆራጭና ጠራዥ ስሙንና ስልኩን ያስመዘግባል። ሰኔ ላይ የመሥሪያ ቤት ሥራ ሲደራረብ፣ ነሐሴ ላይ ካላንደርና አጀንዳ ሲመጣ ባለቤቶቹ እዚያ ነው የሚደውሉት። ያንተ ከተማ ማኅበር መዝገብ ከሌለው አንተ አስጀምረው፤ አንድ ደብተር ነው የሚፈልገው።

ስትሄድ ያተምከውን ይዘህ ሂድ። ብዙ አታብዛ፣ ሦስት ይበቃል። አንዱ ባለአራት ቀለም ይሁን፣ ጽሑፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀለሙ ከቦታው ያልተዛነፈ። ባለቤቱ ሌንስ ካወጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።