በፈረንጆች ገና ሰሞን ቶሮንቶ ላይ ለብቻ ማረፍ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው ደሴ ሲሆን በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። በካናዳ ኤድመንተን ከተማ የሚኖረው ወንድሜ በላከልኝ የጥሪ ደብዳቤ የጎብኚ ቪዛ ስላገኘሁ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በመጪው ታኅሣሥ ልሄድ ተዘጋጅቻለሁ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቶሮንቶ በመሆኑ ከዲሴምበር 24 ጧት እስከ 26 ማታ ድረስ ብቻዬን እዚያ ቆይቼ ከተማዋን ለማየት፣ በ25 ደግሞ ወደ ናያጋራ ፏፏቴ ለመሄድ አስቤአለሁ። እናቴ ብርዱን ፈርታ ጋቢና ሁለት ሹራብ አዘጋጅታልኛለች፤ ይበቃኝ ይሆን? ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነም የምመገበው ነገር ያሳስበኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ት. መ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እኅታችን፣ ከብርዱ ይልቅ እኛን ያሳሰበን የመረጡት ቀን ነው። ዲሴምበር 25 በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ሲሆን በካናዳ ገና የሚከበርበት፣ ሥራ በሕግ የሚዘጋበት ዕለት ነው። ገናን ላሊበላ ላይ ሲያከብር ያደገ የወሎ ሰው በዓል ሲባል የሚታየው ቤቱ ባዶ ቀርቶ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ ነው፤ ቶሮንቶ ላይ ግን በዓሉ በአብዛኛው እቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ስለሚከበር ጭር የሚለው ጎዳናው ነው። ዘመድ ያለው ሰው ይህንን ላያስተውለው ይችላል፤ ብቻውን ሆቴል ያረፈ እንግዳ ግን ምግብ መግዣ እንኳ ፈልጎ ሊያጣ ይችላል። 553 ሜትር ከፍታ ያለው ሲኤን ታወር፣ የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየምና የሴንት ሎውረንስ ገበያ በዚያ ቀን ዝግ ናቸው፤ ገበያው በማግስቱም አይከፈትም። በ26 ግን ትልልቆቹ የገበያ ማዕከሎች ቅናሽ አድርገው ስለሚከፍቱ ሰው ይጨናነቅባቸዋል።

ስለዚህ በር ተከፍቶ ሊታይ የሚገባውን ሁሉ በ24 ይጨርሱ፤ በር የማያስፈልገውን ለ25 ያቆዩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያርፍበት ከፒርሰን አውሮፕላን ጣቢያ ተርሚናል 1 ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው ዩፒ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በየ15 ደቂቃው እየተነሣ በ25 ደቂቃ ዩኒየን ጣቢያ ያደርስዎታል። ማረፊያዎን በዚህ ጣቢያ አካባቢ ወይም ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር መስመር ላይ ይያዙ፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም፣ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ከጨለመ በኋላ በበረዶ ላይ ረጅም መንገድ አለመሄድ ከገንዘቡ ይበልጣል። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አነጋገር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ45 ገደማ መሆኑን አይርሱ። ክፍልዎ ገና ዝግጁ ባይሆንም ሆቴሎች ሻንጣ ተቀብለው ስለሚያስቀምጡ፣ ሻንጣውን ትተው በቀጥታ ወደ ዲስቲለሪ ዲስትሪክት በትራም ይሂዱ። ይህ ሰፈር በ1832 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የውስኪ ፋብሪካ የነበረበት፣ መኪና የማይገባበት፣ ቀይ የጡብ ሕንፃዎችና የድንጋይ ንጣፍ መንገዶች ያሉት ሲሆን በገና ሰሞን በመብራት ይንቆጠቆጣል። ሱቆች በዋዜማው ቀደም ብለው ስለሚዘጉ ከመመለስዎ በፊት ለማግስቱ የሚሆን ዳቦ፣ ፍራፍሬና ለውዝ ይግዙ። ይህችን ምክር ከሁሉ አስቀድመው ቢይዙልን ደስ ይለናል።

በ25 ጧት በእግር ወደ ናታን ፊሊፕስ አደባባይ ይውጡ። በ1965 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሁለት የታጠፉ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ያለው ኩሬ ክረምት ሲገባ በረዶ ይሆንና የመንሸራተቻ ሜዳ ይሆናል፤ የራሱ ጫማ ላለው ሰው ክፍያ የለውም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የሴንት ማይክል ካቴድራል የካቶሊኮች ቢሆንም በዓሉን ለማስቀደስ የሚመጣ እንግዳ አይከለከልም። ብርዱ ሲጠነክርብዎ ዩኒየን ጣቢያን ከብዙ ሕንፃዎች ጋር የሚያገናኘውና ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ፓዝ የተባለው የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ሱቆች በበዓሉ ዕለት ስለሚዘጉ ምግብ አገኛለሁ ብለው እንዳይተማመኑበት።

ናያጋራን በተመለከተ፣ እኛ ብንሆን ለመልስ ጉዞ እናቆየው ነበር። ፏፏቴው ከቶሮንቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በአውቶቡስ ለመሄድ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ወደ 57 ሜትር ከሚሆን ከፍታ የሚወርደው ውኃ ክረምትም አይቆምም፤ እንዲያውም የሚረጨው ጤዛ በዛፉና በብረት አጥሩ ላይ በረዶ ሆኖ ሲጋገር ማየት የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ በ25 መጓጓዣው ይቀንሳል፤ በ26 ደግሞ ማታ አውሮፕላን ስላለብዎት፣ በረዶ ጥሎ መንገድ ቢዘጋ በረራው ያመልጥዎታል። የግድ ማየት አለብኝ ካሉ የኤድመንተኑን በረራ ወደ 27 አዛውረው በ26 በማለዳ ይሂዱ።

ወደ ልብሱ እንመለስ። የእናትዎን ልፋት ማቃለላችን እንዳልሆነ ይረዱልን እንጂ ጋቢው ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ጥጥ ላብና የቀለጠ በረዶ ከጠጣ በኋላ ቶሎ ስለማይደርቅ ሙቀት ይነሣል፤ የበግ ፀጉር ግን እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን አይለቅም፤ የደላንታና የዋድላ ደጋ ሰው ባና የሚለብሰውም ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ የሱፍ ወይም የስፖርት ካናቴራ፣ ከላዩ ከእናትዎ ሹራቦች አንዱ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት ይልበሱ። ካፖርቱን ለመግዛት ካናዳ እስኪደርሱ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደሴ ሰልባጅ ተራ ፈልገው ጥሩ ጥሩ የክረምት ካፖርት ያገኛሉ። ሲመርጡ እጅጌውን በአፍዎ ላይ አድርገው በኃይል እፍ ይበሉበት፤ ትንፋሽዎ በሌላው በኩል በእጅዎ ላይ ከተሰማዎት የኦንታሪዮ ሐይቅ ነፋስም ያልፍበታልና ይተዉት። ዚፑ እስከ አገጭ ድረስ የሚዘጋ፣ ርዝመቱም ከዳሌ የሚያልፍ ይሁን። ቶሮንቶ በታኅሣሥ ቀኑን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱን ጥቂት ዝቅ ብላ ስለምትውል ያን ያህል አያስፈራም፤ ኤድመንተን ግን ከዜሮ በታች 30 ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የሚለብሱትን ለኤድመንተን አስበው ይምረጡ። ጫማ ላይ ፈጽሞ አይቆጥቡ፤ ውኃ የማያስገባ፣ ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ ይሁን፤ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ከቀለጠው በረዶ ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናልና።

ለጾሙ አያስቡ። ዳንፎርዝ በተባለው ጎዳና ላይ፣ በግሪንውድ የባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ የአገራችን ሰዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ስላሉ ሽሮውም ምስሩም አይታጣም፤ ብቻ በ25 የሚከፍተው የትኛው እንደሆነ በዋዜማው ደውለው ይጠይቁ። ሌላ ቦታ ሲበሉ ቪጋን ምግብ ብለው ያዝዙ፤ ሥጋም እንቁላልም ወተትም የሌለበት ነው።

ስለ ወረቀቱ ጥቂት እንበል። ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት የቲኬቱን ዋጋ ሊለውጥ ስለሚችል ሲገዙ ቆይታው በቲኬቱ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ወደ ካናዳ የሚገቡት ቶሮንቶ ላይ በመሆኑ የሆቴሉን አድራሻ፣ የወንድምዎን አድራሻና የጥሪ ደብዳቤውን በእጅ ቦርሳ ይያዙ። በርበሬና ሽሮ ሲይዙ ምግብ መያዝዎን ለጉምሩክ ያስመዝግቡ፤ ቋንጣውን ግን እዚሁ ይተዉት። ለጎብኚ ሕክምና በነፃ ስለማይሰጥም የጉዞ የጤና መድን ሳይገቡ አይነሡ። ለእናትዎ መደወል ሲፈልጉ ቶሮንቶ በ8 ሰዓት ወደኋላ እንደምትቀር ያስታውሱ፤ እዚያ ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን ደሴ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።

በ26 ማታ ወደ ኤድመንተን ሲነሡ አውሮፕላኑ ቆሞ ሠራተኞች በመኪና ላይ ሆነው ብርቱካንማ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ሲረጩበት ቢያዩ አይደንግጡ፤ ክንፉ ላይ የተጋገረውን በረዶ ለማቅለጥና እንደገና እንዳይጋገር ለማድረግ ነው። ይህ በረራውን ሊያዘገየው ስለሚችል ወንድምዎ ከቤት ከመውጣቱ በፊት የመድረሻውን ሰዓት ያጣራ። ካፖርቱን፣ ጓንቱንና ቆቡን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅዎ ይያዙ፤ ኤድመንተን ላይ ከበሩ እስከ መኪናው ያለችው መንገድ ያለ እነርሱ የምትሞከር አይደለችም።