መልስ፦ እናቴ ሐይቅ ከተማ ብቻቸውን ናቸው፣ ማንን ላናግር?

እህቴ፣ እናትሽ ሐይቅን ትቼ አዲስ አበባ አልመጣም ማለታቸው አይግረምሽ። ዕድሜ ልክ የኖሩበትን ቀዬ መተው ከባድ ነው። አታስገድጃቸው።

መጀመሪያ የቅሬያቸውን (የወሎ እድር ማለት ነው) ዳኛ፣ ማለትም መሪውን፣ አነጋግሪ። ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚገናኝበት ነው፤ ዳኛው «ተራ ገብታችሁ ጠይቋቸው» ካለ ሰው እሺ ይላል። ግን በደፈናው «እናቴን አደራ» ብለሽ አትመለሺ። ውሃ የሚቀዳላቸው ማን ነው? እንዳልሽው የደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል የሚደውልልሽስ? ለእያንዳንዱ አንድ ሰው ይሰየም። ቡና የሚጠራሩት ጎረቤቶቻቸውም ጠዋት ካላዩአቸው በሩን ያንኳኩ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክሽን ስጪያት። የጤና መድህን ደብተራቸው መታደሱንም አረጋግጪ፤ ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ እኮ መድህኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይከፍላል። የእነሱ ምልመላ ቀበሌ ላይ ስለሆነ የቅሬው ዳኛ ምስክርነት ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ ግን ከእናትሽ ጋር ተመካከሪ። ቤታቸው ማን እንደሚገባ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።