ትልቅ ሳብዉፈር ከመግዛትህ በፊት

«ሐዋሳ ነኝ፣ ክፍሌ 4 በ3 ሜትር ነው፣ የቴክኖ ሙዚቃ ስከፍት ቤዙ ይጎተታል፣ ባለ 12 ኢንች ሳብ (ሳብዉፈር፣ የቤዝ ስፒከር) ልግዛ?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ትልቅ ስለሆነ ብቻ ቤዙ ጥርት አይልልህም።

ጣጣው ያለው ክፍሉ ላይ ነው። 4 ሜትሩ 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላዋል፣ 3 ሜትሩ ደግሞ 57 አካባቢ፣ የቴክኖ ኪክም (ወፍራሙ የከበሮ ምት) የሚመታው እዚያው ሰፈር ስለሆነ አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። አሁን ያለህን ሳብ ጥግ ላይ ወሽቀኸው ከሆነማ አለቀ። እኔም ታቦር አካባቢ ተከራይቼ ሳለሁ በየምቱ ኮርኒሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለካ ቤዝ ነው ብዬ የምኮራበት ግማሹ የኮርኒሱ ድምፅ ኖሯል!

ይሄን ሞክር። ሳቡን አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አድርገህ አንድ ሙዚቃ እየደጋገምክ ክፈት፣ ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳህክ ስማና ምቱ አጭር ሆኖ የሚሰማህ ቦታ ላይ ሳቡን አስቀምጠው። በሩን ዝጋ፣ ሰው ካየህ አበደ ይልሃል።

ያለህ ሳብ ሳጥኑ ላይ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ካለው ካልሲ ጠቅልለህ ድፈነው። ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ምቱ ግን ቶሎ ይቆማል። መቁረጫውን (ሳቡ ከየት በታች ያለውን ድምፅ ብቻ እንደሚያወጣ የምትወስንበትን ማስተካከያ) 80 ኸርዝ ላይ አድርገው።

ይሄ ሁሉ አልሆን ካለ ያኔ ግዛ፣ ግን ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን፣ 8 ወይም 10 ኢንች ይበቃሃል። ሱቅ ስትሄድ የራስህን ሙዚቃ በፍላሽ ያዝ፤ እነሱ የሚከፍቱልህ ሁሉንም ስፒከር ያሳምረዋል።