አራት መድኃኒት በአንድ ፍሬ፦ ዘንድሮ ጋዋን ለምትለብሱ ልጆች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማዘዣ ይዘው የሚወርዱ የልብና የግፊት ታማሚዎችን ስሸኝ የታዘብኩትን ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። ፋርማሲስት ሆናችሁ ሐኪም፣ ማዘዣው ላይ ከተጻፈው ይልቅ ሰውየው ቤቱ ገብቶ የሚውጠውን ተከታተሉ።

ማዘዣው ብዙ ጊዜ አራት መስመር ነው፦ ለግፊት አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ለደም መርጋት አስፒሪን። ሒሳቡን ስነግራቸው ወረቀቱን መልሰው ያዩታል። «እስቲ የግፊቱን ብቻ ስጪኝ፣ የቀረውን ጡረታዬ ሲወጣ እመጣለሁ» ይላሉ። የሚቀረው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የኮሌስትሮሉ ነው፤ አያምማ! በቀጣዩ ወር በላስቲክ የታሰሩ የኪኒን ስትሪፖች ይዘው ሲመጡ አንዱ አልቋል፣ ሌላው ገና አልተነካም። የፋብሪካው ስም ተቀይሮ የፍሬው ቀለም ከተለወጠ ደግሞ «ያለፈው ቀይ ነበር፣ ይሄ ነጭ የምንድን ነው?» ብለው አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ የሚወስዱም አሉ።

ለዚህ ችግር የታሰበው መፍትሔ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒኮላስ ዋልድና ማልኮም ሎው የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች የግፊት፣ የኮሌስትሮልና የደም መርጋት መከላከያዎችን በአንድ ኪኒን አዋሕዶ በቀን አንድ ጊዜ መስጠትን ሐሳብ አድርገው አቀረቡ። የልብ ሕመምንና ስትሮክን ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል ማለታቸው ብዙዎችን አላሳመነም ነበር፤ በተግባርም ያን ያህል አልሆነም። የሆነው ግን ትንሽ አይደለም። በኢራን ጎለስታን ግዛት ገጠሮች 6,838 ሰዎችን አምስት ዓመት የተከታተለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት፣ የጤና ምክር ብቻ ካገኙት ይልቅ ከምክሩ ጋር ኪኒኑን በተሰጣቸው ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ34 በመቶ ቀንሶ አገኘ። ኪኒኑን ሳያቋርጡ በወሰዱት ዘንድ ቅናሹ 57 በመቶ ደርሷል። መድኃኒቱን የማያቋርጥ ሰው በሌላውም ነገር ጠንቃቃ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን በዚያ ልክ መዝኑት፤ እኔ ግን ከሁሉም ቁጥሮች ደጋግሜ የማስበው ይህንኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት ታንዛኒያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች የተካሄደ ሌላ ጥናት ጥምሩ ኪኒን ከአስፒሪን ጋር ሲሰጥ 31 በመቶ ቅናሽ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት እንዲህ ያሉ ጥምር ኪኒኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገባ።

ጉድለቱንም እወቁት። ጥምር ኪኒን ውስጥ አንዱን ነጥሎ መጨመርም መቀነስም አይቻልም። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው በደረቅ ሳል ያሠቃየዋል፤ ሳል የያዘው ሰው ኪኒኑን ሲተው አራቱንም ተወ ማለት ነው። ኢራኖቹ ይህን አስቀድመው አስበው፣ ሳል ለሚያስቸግረው በኢናላፕሪል ፈንታ ቫልሳርታን የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ያለበትን ኪኒን አዘጋጅተው ነበር። ስለዚህ «ሳል አለብዎት እንዴ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ማንንም አትሸኙ። እርጉዝ ሴት ኢናላፕሪልም ቫልሳርታንም መውሰድ የለባትም። አስፒሪን ጨጓራ ያደማል፤ ልቡን አሞት ለማያውቅ ሰው ሁሉ የሚታደል አይደለም። «ለልብ ጥሩ ነው አሉኝ» ብሎ ያለ ማዘዣ ለሚመጣ ጎረምሳም ሆነ አዛውንት እንቢ በሉ፤ ግፊቱን ለክታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ስለ ጾምም ሳትጠየቁ አንሡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች የጠዋቱን ኪኒን ትተውት ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ይረሳል። በረመዳንም እንዲሁ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ከእራት ወይም ከማፍጠሪያ ጋር ሊሆን ይችል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ሰዓቱን በግልጽ ንገሯቸው። ጠበል ሊሄዱ የተነሡትንም አትቆጡ፤ ከተቆጣችሁ መድኃኒቱን ማቋረጣቸውን ይደብቋችኋል። ይዘውት እንዲሄዱ ብቻ ለምኗቸው።

ከመስኮቱ ኋላ ያለውም ሥራ የናንተ ነው። በዓለም ላይ በልብና በደም ሥር በሽታ ከሚሞተው ሰው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው እንደኛ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በኢራኑ ኪኒን ውስጥ ያሉት መድኃኒቶች ሁሉ የቆዩ ናቸው፤ ማንም ፋብሪካ ሊሠራቸው ይችላል። ብዙ ትርፍ ስለማያስገኙ ግን የሚገፋላቸው ኩባንያ ጥቂት ነው። ከመካከላችሁ አንዱ መድኃኒት ምዝገባ፣ ሌላው ግዥ፣ ሌላው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ይገባል። የመድኃኒት ዝርዝር ሊከለስ ስብሰባ ስትጠሩ፣ ጥምሩ ኪኒን ለምን እንዳልገባ፣ ከገባም ለምን በመንግሥት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ እንደማይገኝ፣ በጤና መድህን ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርጉ።