መልስ፦ ከክሩዝ (ከመዝናኛ መርከብ) ስንወርድ መርከቡ የሚያዘጋጀውን ጉብኝት ልያዝ ወይስ በራሳችን እንሂድ?

እህቴ፣ ሮምና ኔፕልስን ከእናትሽ ጋር ለማየት ካሰብሽ፣ ለሮም የመርከቡን ያዢ፣ ለኔፕልስ ግን ገንዘብሽን አታባክኚ። መርከቡ "ሮም" ይበልሽ እንጂ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ የምትባል የወደብ ከተማ ላይ ነው። ከዚያ ሮም 70 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጣቢያው ራሱ ከወደቡ ወጣ ያለ ነው። የመርከቡ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቢዘጋበት መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፣ ካልሆነም ቀጣዩ ወደብ ድረስ ያደርሷችኋል። በራስሽ ሄደሽ ከቀረሽ ግን ማንም አይጠብቅሽም፣ ወጪውም ያንቺው ነው።

ኔፕልስ ሌላ ነው፣ ወደቡ ከተማው ስር ነው። የጥንቷን የፖምፔይ ከተማ ፍርስራሽ ለማየት፣ ጋሪባልዲ ጣቢያ ሄዳችሁ ቺርኩምቬዙቪያና በሚባለው የአካባቢው ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ፣ "ፖምፔይ ስካቪ" ላይ ውረዱ፣ የፍርስራሹ መግቢያ እዚያው አጠገብ ነው። ባቡሩ ይጨናነቃል፣ ቦርሳሽን ፊት ለፊት ያዢ። ለእማማ ደህና ጫማ፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው።

ሰዓትሽን ደግሞ በመርከቡ ሰዓት ሙዪ። እኔ ሐምሌ ላይ ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ደሴት፣ ስልኬ ራሱ ወደ አገሩ ሰዓት ተቀይሮ አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሶብኝ ተዝናንቼ ታኮ ስበላ የመርከቡን ጡሩምባ ሰማሁ፣ ሳህኑን ጥዬ ነው የሮጥኩት።